ወለተ ጴጥሮስና የኅሊና አርነት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን በካህናትና በምእመናን ፊት የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።



ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ የአርነት ዓመት ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሲፈጸም፥ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ተሸጦ የነበረው ወደ ወገኑ ይመለሳል፥ ከእጁ የወጣውም ርስት ለባለቤቱ ይለቀቃል። ዛሬ ግን ኢዮቤልዩ ሲባል የብዙ ሰው ልብ የሚሄደው ወደ ድንኳኑ፥ ወደ ጠላውና ወደ አዲሱ ካባ ነው። ይህም አይነቀፍም፤ ማኅበር ያለ ጽዋ አይጸናምና። ነገር ግን መለከቱ የተነፋው ስለ ግብር አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ቀን ስለ አርነት ጥቂት ቢነገር ከበዓሉ ሥርዓት የወጣ አይሆንም።

ስለ አርነት ለመናገርም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የፎገራን ሜዳ ወርዶ፥ ከዚያም ጣናን በቀኙ አድርጎ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው በደራ አገር ቁራጣን ያገኛል። ቁራጣ በቀድሞ ዘመን ነጋዴና ስደተኛ የሚሰበሰብባት የታወቀች ከተማ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ራሳም ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጣ ጊዜ የሰነበተው በዚችው በቁራጣ ነው። የቁራጣን ስም ያስጠራው ግን ንግዱም መልእክተኛውም አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንዋ በስምዋ የተተከለላት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባትዋ ባሕር ሰገድ እናትዋም ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ወገናቸው ከታላላቆች ነበረ። በልጅነትዋ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ እርሱም የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አለቃ ነበረ። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ቤትዋ ሙሉ፥ ገረዶችዋ ብዙ፥ ስምዋም የተከበረ ሲሆን፥ ልብዋ ግን ወደ ምናኔ አዘነበለ። አንድ ጊዜ ከቤትዋ ኰብልላ ወጣች። ባልዋም ጭፍራውን ይዞ ፈለጋት፥ ያስጠጋትንም አገር አጠፋ። እርስዋም በእርስዋ ምክንያት ድኆች እንዳያልቁ ብላ ተመለሰች።

በዚያ ወራት የመንግሥቱ ነገር ተናውጦ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከኢየሱሳውያን መምህራን ጋራ ተወዳጅተው ነበርና፥ አቡነ ስምዖን ይህን ተቃውመው አወገዙ፤ ከንጉሡም አማች ከዮልዮስ ጋራ ሆነው ተነሡ። በ1609 ዓ.ም. በግንቦት ወር ጳጳሱ በጦር ሜዳ ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ በዚህ ነገር ከንጉሡ ወገን ነበረ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ መቀመጥን እምቢ አለች። ዳግመኛ ከቤትዋ ወጣች፥ መነኰሰችም፤ ወደዚያ ቤትም አልተመለሰችም። እኅተ ክርስቶስ የምትባል እንደ እርስዋ ባልዋንና ቤትዋን የተወች ሴት ባልንጀራ ሆነቻት።

እዚህ ላይ ስለ ኢየሱሳውያኑም በቅን መናገር ይገባል። ከእነርሱ ውስጥ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው አዋቂና ትሑት ሰው እንደ ነበረ ከተቃዋሚዎቹም ወገን የሚመሰክርለት አለ። ንጉሡም የሮማን ሃይማኖት በልባቸው ቢቀበሉ የራሳቸውና የፈጣሪያቸው ነገር በሆነ ነበር። መከራው የመጣው ንጉሡ የልባቸውን እምነት አዋጅ ባደረጉት ጊዜ ነው። ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ከመጣ በኋላ በ1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት መታዘዛቸውን በአደባባይ በመሐላ አጸኑ። ቀጥሎም ካህናቱ ክህነታቸውን፥ ምእመናኑም ጥምቀታቸውን እንደ ገና እንዲቀበሉ፥ በዓላቱም በሮማ አቈጣጠር እንዲውሉ ታዘዘ። ተጠምቆ ያደገ ሽማግሌ እንዳልተጠመቀ ተቈጠረ፤ ዕድሜውን ሙሉ የቀደሰ ቄስ እንዳልቀደሰ ተባለ።

ወለተ ጴጥሮስ በዚህ ጊዜ በየገዳሙና በየመንደሩ እየዞረች ያስተማረችው ትምህርት ረዥም አልነበረም። ሕዝቡን ሃይማኖታችሁን አትለውጡ፥ ካህናቱንም የዚህን ንጉሥ ስም በቅዳሴ አታንሡ ትል ነበር።

አባቶች ካህናት የዚህን ነገር ክብደት ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ስም በቅዳሴ መጠራት የመንግሥቱ ማኅተም ነው። ንጉሥ ግብሩን በባላባቱ እጅ፥ ጦሩንም በደጃዝማቹ እጅ ሊይዝ ይችላል፤ በሕዝቡ ልብ የሚነግሠው ግን በየሰንበቱ ከቄሱ አፍ ስሙ ሲወጣ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ጭፍራ አልነበራትም፥ ግዛትም አልነበራትም። ደም አላፈሰሰችም፥ ቤት አላቃጠለችም። ከቅዳሴው ውስጥ አንድ ስም ብቻ እንዲቀር መከረች። አንድ የገጠር ቄስ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ የሚያልፋት ያች ቅጽበት፥ ከብዙ ሺሕ ጦር ይልቅ ቤተ መንግሥቱን አስፈራች። ንጉሡም የተቈጡት ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ተይዛ በንጉሡና በመኳንንቱ ሸንጎ ፊት ቆመች። ከሞት ያዳናት የዘመዶች ምልጃ ነው ይባላል። ሜንዴስም ሊያሳምናት ደከመ፤ እርስዋ ግን አልተበገረችለትም። በመጨረሻ ወደ ዠበይ፥ በሱዳን ዳርቻ ወዳለው ቈላ ተጋዘች፤ 3 ዓመትም በዚያ ኖረች። የግዞት ትርጉሙ ሰውን ከሰው መለየት ነበር። በእርስዋ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሃይማኖታቸውን ላለመለወጥ የሸሹ ወንዶችና ሴቶች ተከትለዋት ወደ ዠበይ ወረዱና የመጀመሪያው ማኅበርዋ በግዞት ምድር ተመሠረተ። ከዚያም በኋላ ጫንቋ፥ ምጽሌ፥ ዘጌ፥ ደምቦዛ፥ አፈር ፈረስና ዛምቦል ተጨመሩ፤ ሁሉም 7 ማኅበር ሆኑ። በእነዚህም ማኅበሮች ውስጥ የጌታ ልጅና የድኃ ልጅ በአንድ ሥርዓት ይኖሩ ነበር፤ እርስዋም ራስዋ እህል ትፈጭ፥ ውኃ ትቀዳ ነበር።

በሰኔ 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ራሳቸው አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጥቂት ወራትም ቆይተው ዐረፉ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ በኋላ 10 ዓመት ኖረች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመትዋ ዐረፈች፤ በጣና ውስጥ ባለው በሬማ ገዳም ተቀበረች። የኢዮቤልዩን ቍጥር የሚወድ ባለቅኔ ይህን 50 እንዳይረሳው።

አሁን እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከጠፋ 380 ዓመት ያለፈው ነገር እንዴት ወደ ዛሬ ሰው ደረሰ? የንጉሡ ዜና መዋዕል የጻፈው የንጉሡን ነገር ነው። የኢየሱሳውያኑም ደብዳቤ የጻፈው የራሳቸውን ነገር ነው፤ ምንም እንኳ የባላባት ሴቶች እምቢታ እንዳስቸገራቸው በዚያው ቢያምኑ። የወለተ ጴጥሮስን ነገር ያቈየው ማኅበርዋ ነው።

በመጀመሪያ በወሬ አቈየው። በማታ ጸሎት በኋላ፥ በወፍጮ ቤትና በውኃ መንገድ፥ ያዩዋት እናቶች ላላዩዋት ልጆች ይነግሩ ነበር። ከዕረፍትዋ በ30ኛው ዓመት፥ በ1665 ዓ.ም.፥ ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ ይህን ወሬ ሰብስቦ በግእዝ ገድል አድርጎ ጻፈው። የገድሉ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለ ታላላቅ ተአምራት ብቻ አይናገርም፤ ስለ ጀልባ፥ ስለ ወጥ፥ ስለ ሕመም፥ ስለ እኅቶች ጠብና ዕርቅ ይናገራል። ይህን የመሰለ ነገር ከጓዳ ካልሆነ በስተቀር ከሌላ ቦታ አይገኝም፤ ጓዳውም የሴቶች ነው። ብዕሩን የያዘው ወንድ ነው፤ ቃሉ ግን የብዙ ሴቶች ነው። ገድሉን ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1912 በግእዝ አሳተመው፤ በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ መልሰውታል። ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ የሰበሰበው አንድ ቅጂ ዛሬ በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ይገኛል። ከደብረ ታቦር ወደ ፓሪስ ሄዶ ገድሉን የሚያነብ ከቁራጣ ሄዶ ከሚሰማው ይልቅ እንዳይበዛ ያሰጋል።

ከገድሉ ቀጥሎ መልክእ ተደረሰላት። መልክእ እንደምታውቁት ከራስ ጠጕር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ሰላምታ የሚሰጥ ድርሰት ነው፤ እያንዳንዱ ሰላምታ 5 ቤት ሆኖ በአንድ ፊደል ይመታል። ይህ ለጆሮ የለመደ ስለ ሆነ ትርጓሜው ይረሳል። ነገር ግን ንጉሥ አልሰማ ያለው አፍ ሰላም ሲባል፥ ወደ ዠበይ በስደት የሄደው እግር ሰላም ሲባል፥ የተናቀው ሰውነት በማኅበር ፊት አንድ በአንድ እየተቈጠረ ይከብራል ማለት ነው። አዋጅ ሰውን በጅምላ ይቈጥራል፤ መልክእ ግን ጣቱን እንኳ ለይቶ ይቈጥራል።

ቅኔው ደግሞ ከዚህ ይለያል። መልክእ አንድ ጊዜ ተደርሶ ሁልጊዜ ይደገማል። ቅኔ ግን የዕለቱ ነው። ባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና፥ ባለ 5 ቤቱ ዋዜማ፥ ባለ 6 ቤቱ ሥላሴ፥ ባለ 8 ቤቱ መወድስ፥ ሁሉም ለዚያው ቀን አዲስ ሆኖ ይወለዳል፤ አምና የተባለውን ዘንድሮ የሚያመጣ በጉባኤ ይታማል። የቅኔ ሕግ እንዲህ ሲሆን ትርጕሙ ትልቅ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ የወለተ ጴጥሮስን ነገር ከዚያው ዓመት ነገር ጋራ ማገናኘት አለበት ማለት ነው። ሰሙ ገድልዋ ነው፤ ወርቁ ግን በዚያ ዓመት በሕዝቡ ላይ የደረሰው ነው። ደኅና ባለቅኔ በገዥው ፊት የማይነገረውን በሰም ሸፍኖ ይናገራል፤ ገዥውም ወርቁን ሲያውቀው ስቆ ወይም ደንግጦ ይተወዋል። በቤጌምድርና በጎጃም የሊቃውንት አደባባይ ይህ የቈየ ልማድ ነው። ሕግ ለተገፋው አፍ ባልሰጠበት ዘመን ቅኔ አፍ ሰጥቶታል።

ማኅበሩ ያቈየው በቃል ብቻም አልነበረም። የቁራጣ ገዳም ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ ሰው የሚጠጋበት ሆነ። በኋለኛው የጎንደር ዘመን ስንት ባላባትና ስንት ጭሰኛ ወደዚያ ሮጦ ነፍሱን አዳነ። ንጉሥን እምቢ ያለች ሴት ከሞተች በኋላም በንጉሥና በስደተኛው መካከል ቆመች። ይህ ከቅኔው ሁሉ የሚበልጥ ቅኔ ነው።

እምቢታን በዝማሬና በሥዕል ማክበር በሌላም አገር አለ። በአሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 በሞንትጎመሪ ከተማ፥ ሮዛ ፓርክስ የተባለች ልብስ ሰፊ በአውቶቡስ የተቀመጠችበትን ቦታ ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ ታሰረች። የከተማው ጥቍር ሕዝብ 381 ቀን በአውቶቡስ አልሳፈርም ብሎ በእግሩ ሄደ። ስብሰባቸው በቤተ ክርስቲያን፥ ብርታታቸውም በመዝሙር ነበረ፤ መሪያቸው ማርቲን ሉተር ኪንግም ሰባኪ ነበረ። ዛሬ በእርሱ ስም በየዓመቱ በሚከበረው ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ግጥም ያነባሉ፥ ሥዕል ይሥላሉ። በኒው ዮርክ ከተማም ከ1808 ጀምሮ የቆመች፥ በሐበሻ ስም የተሰየመች የጥቍሮች ቤተ ክርስቲያን አለች። እነዚያ ሰዎች በሩቅ ሆነው የኢትዮጵያን ስም የአርነት ምልክት አድርገው ሲይዙ፥ የአርነትዋን ታሪክ በቅርብ ያለው ሰው እንዳይረሳው ይገባል። አንዲት ሴት እምቢ ብላ ስትቀመጥ ሌላዪቱም እምቢ ብላ ስትሄድ፥ ሁለቱ ከሦስት መቶ ዓመት በሚበልጥ ዘመን ቢራራቁም በአንድ መልክእ ሊመሰገኑ ይችሉ ነበር።

ስለ ሥዕል ሲነገር አንድ ሥርዓት መነሣት አለበት። በዚህ አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሸራ ለጥፎ ሲሥል፥ ጻድቁን ፊቱን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይን ይሥለዋል፤ ከሓዲውን፥ ገራፊውንና ሰይጣኑን ግን በጐን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሥለዋል። ማንበብ የማይችል እረኛ እንኳ ይህን አይቶ ማን ማን እንደ ሆነ ይለያል። ከወለተ ጴጥሮስ ገድል ቅጂዎችም በሥዕል ያጌጡ አሉ። አሳዳጅና ተሳዳጅ እንዲህ በዓይን ሲለዩ ነገሩ ለልጅ ይቀላል፤ ለሽማግሌ ግን አይቀልም። ሽማግሌ ያየው ብዙ ነውና።

የደብረ ታቦር ሠዓሊ ዐፄ ዮሐንስን በስንት ዓይን ይሣላቸው?

ይህ ጥያቄ ለክርክር የመጣ አይደለም፤ የአገሩ ታሪክ ያመጣው ነው። ዐፄ ዮሐንስ በደብረ ታቦርና በሰመራ ከትመው የኖሩ፥ ሕሩይ ጊዮርጊስን ያሠሩ፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ስለ አገራቸው የወደቁ ንጉሥ ናቸው። ለእርሳቸው ያልተቀኘ የቅኔ ቤት የለም። ነገር ግን በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ የተሰጣቸውም ጊዜ 3 ዓመት እንደ ነበረ ተጽፎአል። መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ ሼኽ ጠልሐ የመሳሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙው ሕዝብ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። የተሰደደውም ጥቂት አልነበረም። ያች በሌሊት ተደብቃ የምትሰግድ የወሎ እናት ከወለተ ጴጥሮስ በምን ትለያለች? በሃይማኖት ትለያለች። በእምቢታዋ ግን አትለይም። የወለተ ጴጥሮስን እግር ሰላም የሚል ደብተራ የዚችን እናት እግር ቢረግም፥ የሚያመሰግነው አርነትን ሳይሆን የራሱን ወገን ብቻ ነው።

ይህን መናገር ለአንዳንድ አባቶች ጆሮ ይከብዳል፤ ሊከብድም ይገባዋል። እውነተኛ ሃይማኖትና ሐሰተኛ ሃይማኖት አንድ ናቸው የተባለ ግን የለም። የተባለው ይህ ነው፤ እውነትም ብትሆን በሰይፍ ከገባች ወደ ልብ አትደርስም። የሱስንዮስ መምህራንም የያዙት እውነት እንደ ሆነ በፍጹም ልባቸው ያምኑ ነበር። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሰው ልጆች መብት መግለጫ ሲጸድቅ ድምፅዋን ከሰጡት መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ የመግለጫው 18ኛ አንቀጽ የኅሊናንና የሃይማኖትን ነጻነት ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ27ኛው አንቀጹ ያንኑ ይደግማል። ቁራጣ ግን ይህን ከሦስት መቶ ዓመት አስቀድማ ታውቀው ነበር።

ሥዕሉ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ሥርዓቱ የሚያውቀው አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን ብቻ ነውና። ቅኔ ግን አይቸገርም። ሰሙ መተማን፥ ወርቁም ቦሩ ሜዳን የሚያነሣ መወድስ ሊቆጠር ይችላል፤ በአንድ ቃል ክብሩንም ጥፋቱንም ይይዛል። ቅኔ የተፈጠረው ለዚህ ዓይነት ሰው ነው። ለፍጹም ጻድቅ መዝሙር ይበቃል፤ ለፍጹም ክፉ ደግሞ ርግማን ይበቃል። ለንጉሥ፥ ለአባት፥ ለአገር ግን ሰምና ወርቅ ያስፈልጋል። የዚህ ደብር የቅኔ ተማሮች ይህን ቢሞክሩት ለመምህራቸው ደስታ፥ ለጉባኤውም ራስ ምታት ይሆናል፤ ሁለቱም ለትምህርት ይረዳሉ።

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። የወለተ ጴጥሮስን ነገር ለገላውዴዎስ የነገሩት ሴቶች ናቸው። በማኅሌት ቅኔው ሲነገር ግን ሴቶቹ በውጭ ቆመው ዜማውን ይሰማሉ፥ ግእዙን አይሰሙም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ያለቅሳሉ፥ ያለቀሱበትን ግን አያውቁትም። የራሳቸውን ታሪክ ወሰዱባቸውና በማያውቁት ቋንቋ መለሱላቸው ቢባል ሐሰት ነውን? ሴት ቅኔ አይዘልቃትም የሚል ቢኖር፥ በጎጃም ዓይነ ስውርዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባትዋ ቅኔ ተምራ፥ ወንበር ዘርግታ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ያስተማረችበትን ይጠይቅ። ጋይንት ለድጓ ቤተልሔምን፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባን ሰጥቶአል። በእነዚህ አገሮች መካከል የተቀመጠች ደብረ ታቦር ለሴት ልጅ የቅኔ ወንበር ብትሰጥ ማን ይከለክላታል?

እስከዚያው ድረስ ቀላል የሆነ ነገር አለ። ኅዳር 17 ቀን ቅኔው ከተባለ በኋላ አንድ የሚገባው ተማሪ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ወጥቶ፥ ሰሙ ይህ ነው፥ ወርቁም ይህ ነው ብሎ ለእናቶች በአማርኛ ይፍታላቸው። ይህ ቅኔውን ያረክሰዋል የሚሉ አሉ። ተፈትቶ የሚረክስ ቅኔ ግን ሳይፈታም ወርቅ አልነበረውም።

ሕፃናቱም አይረሱ። የዚህች ከተማ ስም ራሱ የበዓል ስም ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን አጩኸው በየደጁ ሲዞሩ፥ አውጪው ግጥሙን በዚያው ሰዓት ይፈጥራል፥ ተቀባዮቹም ዱላቸውን መሬት እየመቱ ይቀበሉታል። ለሰጠ ምስጋና፥ ለነፈገ ሽርደዳ አለው። የስምንት ዓመት ልጅ ባለጸጋውን በደጁ ቆሞ በግጥም ሲነካው ባለጸጋው አይቈጣም፤ ቀኑ የልጆች ነውና። ከቅኔ ቤት በፊት የሚገኘው የቅኔ ቤት ይህ ነው። ይህ ልማድ በሁለትና በሦስት የተሸመደዱ ግጥሞች ብቻ እየቀረ መሄዱ ያሳዝናል። አውጪው ልጅ ከዘመኑ ነገር አዲስ እንዲያወጣ የሚያበረታው ሽማግሌ ቢገኝ፥ አንድ ሙልሙል ቢጨምርለት፥ ከእነዚህ ልጆች መካከል የነገው ባለቅኔ ይገኝ ነበር።

የሥዕሉንም ነገር በአጭሩ መፈጸም ይሻላል። በየገጠሩ አሮጌ ሥዕል በዘይት ቀለም እየተሸፈነ ነው፤ ለጌጥ ብሎ የአባቶችን እጅ የሚደመስስ ገንዘብ ያዥ ከእሳት የሚለየው ደረሰኝ በመያዙ ብቻ ነው። አዲስ ሥዕል የሚወድ ሰው አዲስ ሸራ ይግዛ። ለዚሁ የኢዮቤልዩ በዓል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወረቀትና ቀለም ተሰጥቶአቸው የወለተ ጴጥሮስን ገድል ይሣሉት፤ ኰብልላ ስትወጣ፥ እህል ስትፈጭ፥ በዠበይ ቈላ ከእኅተ ክርስቶስ ጋራ ስትጸልይ፥ በሸንጎው ፊት ስትቆም። ለእርስዋ ሁለት ዓይን እንደሚገባት ማንም አይጠራጠርም። ዐፄ ሱስንዮስ ግን ያሳደዱም እርሳቸው ናቸው፥ አዋጁንም በገዛ አፋቸው ያፈረሱ እርሳቸው ናቸው። በአንድ ዓይን ይሣሉ ወይስ በሁለት የሚለውን መምህራኑ አይንገሯቸው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።